የጅማ ቡና ደን፦ ከሂርማታ ገበያ እስከ ሳተላይት ካርታ

ከጅማ ወደ አጋሮ የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ ግራና ቀኙን ሲያይ ደን ያለ ይመስለዋል። ቀረብ ሲል ግን ከሰሳው፣ ከዋንዛውና ከብርብራው ጥላ ሥር የቆመው ቡና ነው። በየወረዳው መግቢያ ደግሞ የድርጅቶች ታፔላ ተሰልፏል፤ አንዱ ስለ ደን፣ ሌላው ስለ ቡና ጥራት፣ ሌላው ስለ አየር ንብረት ለውጥ ይናገራል። የጌራ ገበሬ የደን ማኅበሩን ታሪክ ያውቃል፤ የአጋሮ ገበሬ የእሸት ቡና መፈልፈያውን፣ የአዲስ አበባ ላኪ የምስክር ወረቀቱን። ሦስቱን የሚያገናኘው ረጅም ታሪክ ግን ተሰብስቦ ሲነገር ብዙም አይሰማም። ከዚህ በታች ያለው ትረካ ያንን ለመሰብሰብ የተደረገ ሙከራ ነው። ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከ1924 ዓ.ም. በፊት፦ የድንበር ደን

በጊቤ ወንዝ ዙሪያ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፦ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ። በመካከላቸው ሞጋ የሚባል ማንም የማይሰፍርበት የድንበር መሬት ይተው ነበር። ጠላት በድንገት እንዳይደርስባቸው ነው እንጂ ለዛፍ ተቆርቁረው አልነበረም። ያም ሆኖ ሰው ያልሰፈረበት መሬት ደን ሆኖ ይቆያል። ዛሬ በጌራና በአካባቢው የምናየው ጥቅጥቅ ያለ ደን ምን እንዳቆየው ስናስብ ይህን የፖለቲካ ድንበር መርሳት አይገባም።

ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870 ዓ.ም. ገደማ በጅማ ነገሡ። ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን በእጃቸው አቆዩ። ከጅሬን ቤተ መንግሥታቸው ግርጌ የነበረው የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር ነጋዴ ይስብ ነበር። የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ወርቅ፣ እንዲሁም (ይህንንም መሸፈን አይገባም) ሰው ይሸጥበት ነበር። ቡና ዋናው ሸቀጥ የሆነው ዘግይቶ ነው። የባሪያ ንግድ ሲዳከምና የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በበቅሎ ተጭኖ የሚወጣው ቡና ዋጋ አገኘ። ገበሬውም በደን ውስጥ በራሱ የበቀለውን ቡና መልቀም ብቻ ሳይሆን ችግኙን ማዛወር፣ ሥሩን መመንጠር ጀመረ። በ1924 ዓ.ም. የጅማ ነጻ አስተዳደር አብቅቶ አገሩ በቀጥታ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሲገባ፣ ቡናው የአገር ገቢ ለመሆን ተቃርቦ ነበር።

ከ1925 እስከ 1966 ዓ.ም.፦ መንገዱ፣ ዋጋውና ባለርስቱ

ጣሊያን በአምስቱ የወረራ ዓመታት ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ አድርጎ የአዲስ አበባን መንገድ ሠራ። ከጦርነቱ በኋላ በዓለም ገበያ የቡና ዋጋ ሲወጣ ያ መንገድ ሌላ ነገር ይዞ መጣ፤ መሬት ፈላጊ። በአዲስ አበባ የሚኖር ሹምና ባለሀብት በከፋና በኢሉባቦር የቡና ደን በስሙ አስመዘገበ። በደኑ ውስጥ ለትውልድ ቡና ሲለቅም የኖረው ሰው ጭሰኛ ሆነ፤ ያመረተውን ከባለርስቱ ጋር መካፈል ግድ ሆነበት። ደኑ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የዚህ ታሪክ ዋና ጥያቄ ሆኖ ቀርቷል።

በዚያው ዘመን እውቀትም ወደ ጅማ ገባ። በ1940ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ድጋፍ የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ በመልኮ የቡና ምርምር ማዕከል ተቋቋመ። ማዕከሉ ሥራውን በቅጡ ሳይጀምር ነበር የኢትዮጵያን ቡና ከባድ መቅሠፍት የመታው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገሪቱ ታየ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ እየጠቆረ ይረግፍ ጀመር።

መድኃኒቱ የተገኘው ከዚያው ከደኑ ነው። ተመራማሪዎች በሽታው ባጠቃቸው ደኖች ውስጥ እየዞሩ፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ ሲታመሙ ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ግንድ ፈለጉ። ከጌራ ደን የተገኘው 741 የተባለው ዝርያና ከመቱ አካባቢ የተለዩት እነ 74110 ዛሬም በገበሬው ማሳ አሉ። በስማቸው ላይ ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያስታውሳል። በእኔ እምነት የዚህ ሁሉ ታሪክ የመጀመሪያው መታጠፊያ ይህ ነው። ደኑ ለእንጨትና ለጥላ ብቻ ሳይሆን ለቡናው ህልውና የሚያስፈልግ የዘር ጎተራ መሆኑ በተግባር ታየ። የጌራ ደን በ1950ዎቹ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ 741 ባልተገኘ ነበር።

ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.፦ የመንግሥት ደን

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተባለ። ጭሰኛው ከባለርስቱ ተላቀቀ፤ ይህ ትልቅ ነጻነት ነበር። ደኑ ግን ወደ ገበሬው አልዞረም፤ ወደ መንግሥት ዞረ እንጂ። በሊሙ ትላልቅ የመንግሥት ቡና እርሻዎች ተስፋፉ። ቡና ለመንግሥት ኮርፖሬሽን በተወሰነ ዋጋ ይቀርብ ስለነበር ገበሬው ቡናውን አሳምሮ ቢይዝ የሚያገኘው ተጨማሪ ነገር እምብዛም አልነበረም። በለጠና ጌራ በአገር አቀፍ ደረጃ ቅድሚያ ጥበቃ ከተሰጣቸው 58 ደኖች መካከል ገቡ። በወረቀት ላይ ጥበቃ ነበራቸው፤ በውስጣቸው የሚኖረው ሰው ግን በሕግ ዓይን ሰርጎ ገብ ሆነ።

ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ከሰሜን የተነሡ ብዙ ሺህ ቤተሰቦች በኢሉባቦርና በከፋ ሰፈሩ። ከሞት ለተረፈ ሰው ቤትና ማሳ ማዘጋጀት ግድ ነበር፤ ማሳው የወጣው ግን ከደኑ ነው። በ1981 ዓ.ም. የዓለም የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ፈረሰና ዋጋው ወደቀ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደርግ ወደቀ። በሽግግሩ ወራት የደን ዘበኛው ቤቱ ገባ። በብዙ የአገሪቱ ክፍል እንደሆነው ሁሉ የመንግሥት የተባለው ደን የማንም አልሆነም፤ የተቆረጠውም ያኔ ነው።

ከ1984 እስከ 1995 ዓ.ም.፦ ነጻ ገበያና የቡና ውድቀት

አዲሱ መንግሥት የቡናን ንግድ ለግል ነጋዴ ከፈተ። ለጥቂት ዓመታት ዋጋው ጥሩ ነበር። ከዚያ የቬትናም ምርት ገበያውን አጥለቀለቀውና እ.ኤ.አ. በ2001 የኒውዮርክ ዋጋ ለአንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በሠላሳ ዓመት ያልታየ ውድቀት ነበር። በጅማ ዙሪያ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። ቡና ማገዶ መግዣ እንኳ ካልሆነ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ይተክላል፣ ባሕር ዛፍ ይተክላል፣ ጥላውን ቆርጦ በቆሎ ይዘራል። ደኑን ያስቆረጠው ስንፍና ወይም ድንቁርና ሳይሆን ሒሳብ ነበር።

መልሱ ከሁለት አቅጣጫ መጣ። አንደኛው ከገበሬው ማኅበራት ነው። በ1991 ዓ.ም. በአቶ ታደሰ መስቀላ አስተባባሪነት 34 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሰባስበው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንን መሠረቱ። ዩኒየኑ የአባላቱን ቡና ያለ መካከለኛ ነጋዴ ወደ ውጭ መላክ፣ በፍትሐዊ ንግድና በኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት መሸጥ ጀመረ። በኋላ «ብላክ ጎልድ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም አቶ ታደሰን እየተከተለ ይህን ትግል ለዓለም አሳየ።

ሁለተኛው ከደን ድርጅቶች ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፋርም አፍሪካና ኤስ ኦ ኤስ ሳህል በጭልሞና በቦንጋ ደኖች አዲስ አሠራር ይዘው ገቡ፤ አሳታፊ የደን አስተዳደር። ሐሳቡ አጭር ነው። በደኑ ውስጥ የሚኖረው ማኅበረሰብ ተደራጅቶ ከመንግሥት ጋር ይፈራረማል፤ ደኑን ይጠብቃል፣ በምላሹ ማሩን፣ ቅመሙን፣ ቡናውን በሕግ ይጠቀማል። ለደን ባለሙያዎች ይህን መቀበል ቀላል አልነበረም። ለአሥርት ዓመታት ገበሬን ከደን ማስወጣት ሥራቸው የነበሩ ሰዎች አሁን ከእሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ነበረባቸው። በ1995 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል የደን አዋጅ ቁጥር 72 ወጥቶ ለማኅበረሰብ ደን ሕጋዊ በር ከፈተ።

ከ1996 እስከ 2000 ዓ.ም.፦ በለጠና ጌራ

በሩ በተከፈተ በማግስቱ የጃፓኑ ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት ጃይካ ከኦሮሚያ ክልል ጋር በበለጠና ጌራ ደን ሥራ ጀመረ። ደኑ ከጅማ በስተ ምዕራብ፣ በሸቤ ሶምቦና በጌራ ወረዳዎች የተዘረጋ፣ ወደ 150 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ቦታ ነው። ጃይካ የመንግሥት ድርጅት ቢሆንም ቀጥሎ የመጣው ነገር ሦስት ወገኖችን አንድ ላይ አሰለፈ፦ ማኅበረሰቡን፣ አትራፊ ያልሆነ አረጋጋጭ ድርጅትንና ገዢውን ኩባንያ።

የመጀመሪያው ሥራ ድንበር መርገጥ ነበር። የመንደሩ ሽማግሌዎች፣ ገበሬዎችና የደን ባለሙያዎች አብረው እየሄዱ የደኑና የማሳው ወሰን የት እንደሆነ ተስማሙ። ከዚያ በየመንደሩ የደን አስተዳደር ማኅበር ተመሠረተ፤ በኦሮምኛ ስሙ ምህጻረ ቃል ዋቡብ ይባላል። ማኅበሩ ከመንግሥት ጋር ውል ተፈራረመ። አባላቱ በደኑ ውስጥ መኖርና ቡናቸውን መልቀም ሕጋዊ መብታቸው ሆነ፤ አዲስ ምንጠራ ግን ክልክል ሆነ፣ ጥበቃውም የእነሱ ሆነ። ትናንት ሰርጎ ገብ የተባለው ሰው ባለ ውል ሆነ። ፕሮጀክቱ ጎን ለጎን የገበሬ ማሳ ትምህርት ቤቶች ከፍቶ አትክልትና ሌላ ሰብል አስተማረ፤ ገቢው በደኑ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ማለት ነው።

ውጤቱ ተለክቷል። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የሳተላይት ምስል አወዳድረው ሲያዩ፣ ማኅበር በተመሠረተባቸው ቦታዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የደኑ ስፋት በ1.5 በመቶ ጨምሯል። ማኅበር በሌለባቸው ቦታዎች በዚያው ጊዜ በ3.3 በመቶ ቀንሷል። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለአንድ ትውልድ መቀነስ ብቻ ለሚያውቅ ደን ግን መቆም ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ሌላ እርምጃ ተጨመረ። የበለጠና ጌራ የደን ቡና የሬይንፎረስት አልያንስ ምስክር ወረቀት አገኘ። ይህ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ቡና አይገዛም፣ አይሸጥም። ገዢ ኩባንያዎች እንዲያምኑት መለኪያ ያወጣል፤ ገበሬው ዛፍ ሳይቆርጥ፣ የተከለከለ ኬሚካል ሳይረጭ፣ አውሬውን ሳያሳድድ ማምረቱን ያስመረምራል። መለኪያውን ያሟላ ቡና ከመደበኛው ዋጋ በላይ ጭማሪ ያገኛል። ቀጥሎ የተሠራ ጥናት የምስክር ወረቀት ባለው የደን ቡና ቦታ የደን መመንጠር ዕድል በ1.7 የመቶኛ ነጥብ እንደቀነሰ አሳየ። የጃፓኑ የቡና ቆዪ ኩባንያ ዩ ሲ ሲ ኋላ ከጃይካ ጋር ሆኖ ለዚህ ቡና ጥራትና ገበያ ሠርቷል።

ሁሉም ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ የተባይ ማጥፊያ ቅሪት አገኘሁ ብላ ቁጥጥር ስታጠብቅ ወደዚያ የሚላከው ቡና በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። ጥርጣሬው ያረፈው ቡናው በተጓጓዘበት የቃጫ ጆንያ ላይ ነበር። አንድ ጠብታ ኬሚካል ያልነካ የደን ገበሬ በጆንያ ምክንያት ገበያ ሲያጣ ማየት ያሳዝናል። ገበሬው ደኑን ጠብቆም ቢሆን ዕጣው ከእጁ ውጭ ባሉ ነገሮች እንደሚወሰን ያ ዓመት አሳየ።

ሌላም ጥያቄ ነበር፤ ከገበያው የከፋው እሱ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲና የቤልጂየሙ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአካባቢው ደኖች ያደረጉት ጥናት፣ ቡናው ያለበት ደን ቆሞ ቢታይም ውስጡ እንደሚሳሳ አመለከተ። ገበሬው ቡናው ብዙ እንዲያፈራ ሥሩን በየዓመቱ ይመነጥራል። አረም ብቻ አይደለም የሚነካው፤ የቀራሮና የሌሎች ትላልቅ ዛፎች ለጋ ችግኝም አብሮ ይመነጠራል። አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው የለም። ከሰማይ ሲታይ አረንጓዴ የሆነው ደን ከመሬት ሲታይ ሰሳና ጥቂት ሌሎች ዛፎች ብቻ የቀሩበት የቡና ማሳ ይሆናል። ቡና ደኑን ከመጥረቢያ ያድነዋል፤ ቀስ በቀስም ያሳሳዋል። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ አንዱን ብቻ የሚናገር ማስታወቂያ አንባቢን ያታልላል።

ከ2001 እስከ 2004 ዓ.ም.፦ አጋሮና የእሸት ቡናው

ለረጅም ዘመን የጅማ ቡና ስም በገበያ የተከበረ አልነበረም። ፍሬው ቀይ ይሁን አረንጓዴ ሳይለይ ተለቅሞ፣ በመሬት ላይ ተሰጥቶ፣ በጀንፈሉ ይሸጣል። «ጅማ 5» የሚባለው ደረጃ በዓለም ገበያ የርካሽ ቡና መጠሪያ ሆኖ ነበር። የሚገርመው፣ ከዚያው አፈር የሚወጣው ፍሬ በቀይነቱ ተለቅሞ ቢታጠብ ከየትኛውም የሚያንስ አልነበረም።

በ2001 ዓ.ም. ሁለት ሕጋዊ ለውጦች በአንድ ጊዜ ደረሱ። አንደኛው ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል እንዲሸጥ መደረጉ ነው። ቡናው በየአካባቢውና በየደረጃው ተቀላቅሎ ስለሚሸጥ ገዢው የየትኛው መንደር ቡና እንደሆነ ማወቅ አቃተው። ዩኒየኖች ግን በቀጥታ መላክ ስለተፈቀደላቸው፣ ምንጩ የታወቀ ቡና የሚፈልግ የውጭ ገዢ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ፊቱን አዞረ። ሁለተኛው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ነው። ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። ስለ መሬትና ደን መብት መከራከር አስቸጋሪ ሲሆን፣ ችግኝ፣ ቀፎና መፈልፈያ ላይ መሥራት ግን ተቻለ። ድርጅቶቹ ወደ ንግድ ሥራ የተጠጉት ስለ ገበያ ስላመኑ ብቻ ሳይሆን ሌላው በር ስለጠበበም ጭምር ነው።

ቴክኖሰርቭ የተባለው አሜሪካዊ አትራፊ ያልሆነ ድርጅት በቢልና ሜሊንዳ ጌትስ ፋውንዴሽን የ47 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ በአራት የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የቡና ሥራ ጀምሮ ነበር። በኢትዮጵያ ካተኮረባቸው ቦታዎች አንዱ የአጋሮ አካባቢ ሆነ። አሠራሩ ከተለመደው ዕርዳታ ይለያል። መፈልፈያውን በነጻ አልሰጠም፤ ገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር መሥርተው ከባንክ ተበድረው እንዲገዙ አስተባበረ። የንግድ አማካሪ መደበ፣ ሒሳብ አያያዝ አስተማረ፣ ከገዢ ጋር አገናኘ። ዱሮሚና፣ ናኖ ጫላ፣ ዩክሮና ሌሎችም ማኅበራት ተመሠረቱ። በየካቲት 2004 ዓ.ም. በአፍሪካ ምርጥ ቡናዎች ውድድር ላይ ዱሮሚና የአፍሪካ ምርጥ ቡና ተብሎ ተመረጠ። ከሁለት ዓመት በፊት ጀንፈል ይሸጡ የነበሩ ገበሬዎች ናቸው።

ስለዚህ ድል ብዙ ተጽፏል። ስለ ውኃው ግን ያን ያህል አልተጻፈም፤ እኔ ግን ከሽልማቱ ይበልጥ ለአካባቢው የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛል። አሮጌው መፈልፈያ ብዙ ውኃ ይጨርሳል፤ የቡናውን ሥጋና ሙጫ የያዘው ቆሻሻ ውኃም ወደ ወንዝ ይለቀቃል። ውኃው ይበሰብሳል፣ ኦክስጅን ያጣል፣ ከታች ያለ መንደር ከብቱን የሚያጠጣበት ያጣል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአካባቢው ወንዞች ላይ ይህን በልኬት አሳይተዋል። በአጋሮ የተተከሉት አዳዲስ መፈልፈያዎች በጥቂት ውኃ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ቆሻሻው ውኃም በጉድጓድና በቬቲቨር ሣር እንዲጣራ ተደረገ። ቆሻሻው እንዴት እንደሚያዝም የገዢዎች ጥያቄ ሆነ። አንድ ኩባንያ «ወንዙን ካበላሻችሁ አልገዛም» ሲል የወረዳው ባለሙያ ለዓመታት ያልቻለውን ያስችላል።

ከ2005 እስከ 2010 ዓ.ም.፦ ሙቀቱ

እስከዚህ ድረስ ወሬው ስለ ደንና ስለ ዋጋ ነበር። በ2005 ዓ.ም. መግቢያ የለንደኑ ኪው የዕፅዋት ተቋምና የኢትዮጵያ ተባባሪዎቹ ያወጡት ጥናት ሌላ ነገር አመጣ። ሙቀቱ በዚህ ከቀጠለ እስከ እ.ኤ.አ. 2080 ድረስ በተፈጥሮው የሚበቅለው የአረቢካ ቡና ከሚስማሙት ቦታዎች ቢያንስ 65 በመቶውን ሊያጣ ይችላል፤ በከፋው ግምት ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉንም። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯልና ግምቱ ከባዶ የተነሣ አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ጥናት ደግሞ አሁን ቡና ከሚመረትበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቀ፤ ተስፋም ጨመረ። ቡናው ወደ ደጋው ከፍ እያለ ቢተከልና ደኑ ቢጠበቅ ሊመች የሚችለው መሬት እንዲያውም ሊሰፋ ይችላል።

ከጥናቱ በስተጀርባ ካሉት ኢትዮጵያውያን አንዱ ዶክተር ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ ናቸው። የዶክትሬት ምርምራቸውን የሠሩት በያዩ ደን ነው፤ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ። የአካባቢና ቡና ደን መድረክ የተባለውን አገር በቀል ድርጅት ካቋቋሙት መካከል ናቸው። ያዩና ከፋ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው ተመዘገቡ፤ ለከፋው ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ብዙ ሠርቷል። የያዩ 167 ሺህ ሄክታር የሚሆን ቦታ በሦስት ተከፍሏል። እምብርቱ አይነካም፣ በዙሪያው ቡና ይለቀማል፣ ከዚያ ወዲያ ይታረሳል።

መመዝገብ ብቻውን ግን ለገበሬ እንጀራ አይሆንም። ስለዚህ መድረኩና ኪው፣ ዩኒየን ሃንድ ሮስትድ ከተባለ የእንግሊዝ ቡና ቆዪ ኩባንያ ጋር ተጣመሩ። ሳይንቲስቱ የትኛው ደን እንዴት እንደሚጠበቅ ይናገራል፤ ድርጅቱ ገበሬውን አጠባበቅና አደራረቅ ያስተምራል፤ ኩባንያው ጥራቱን ቀምሶ በተሻለ ዋጋ ይገዛል። በማድረቂያ አልጋ ላይ የደረቀው የያዩ ደን ቡና በእንግሊዝ መደብሮች በራሱ ስም ተሸጠ። ይህ ጥምረት ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳምነኝ በአንድ ምክንያት ነው፤ ኩባንያው የመጣው ለበጎ አድራጎት ሳይሆን ለሚፈልገው ቡና ነው፣ ስለዚህ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የሚሄድበት ምክንያት የለውም።

የዚያኑ ያህል ያዩ ሌላ ፊትም አላት። በዚሁ አካባቢ የድንጋይ ከሰልና የማዳበሪያ ፋብሪካ ግንባታ ተጀምሮ ብዙ ገንዘብ ፈስሶበት ሳይጠናቀቅ ቆሟል። የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ የሆነ የቡና ዘር ደንና የከሰል ማዕድን በአንድ ወረዳ ታቅደዋል። ሁለቱን ያቀዱት የመንግሥት ክፍሎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ፦ ካርታው

በ2009 ዓ.ም. የቡና ግብይት አዋጅ ተሻሻለ፤ ቡናው ምንጩ ታውቆ መሸጥ እንዲችል ተፈቀደ። በ2010 ዓ.ም. የፌዴራሉ የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ለማኅበረሰብ ደን በግልጽ እውቅና ሰጠ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 621 ተሽሮ ድርጅቶች እንደገና ስለ መብት መናገር ቻሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስቱም በሮች ተከፈቱ። በአጋሮ የከታ ሙዱጋ ዩኒየን የአባል ማኅበራቱን ቡና በራሱ ይልካል፤ ቡና በዚያ ተገኘ በሚባልለት በጮጬ ምድር።

ከዚያ ገንዘቡ ራሱ ተለወጠ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የዓለም ባንክና ኢትዮጵያ የኦሮሚያ ደኖች ለሚያስቀሩት አራት ሚሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚያስከፍል ስምምነት ተፈራረሙ። የሚከፈለው ለተሠራ ፕሮጀክት ሳይሆን ለተለካ ውጤት ነው። ለጌራ ገበሬ ይህ ማለት ከሃያ ዓመት በፊት ለመብት ሲባል የረገጠው ድንበር አሁን የሚሸጥ ነገር ሆነ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ሰኔ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ወጣ። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ አውሮፓ አይገባም። እያንዳንዱ ማሳ የሚገኝበት ነጥብ በካርታ ላይ መመዝገብ አለበት። ተግባራዊነቱ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ አሁን እ.ኤ.አ. 2026 መጨረሻ ላይ ደርሷል። ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ከምትልከው ቡና ሢሶው ገደማ ገበያው አውሮፓ ነው። በብራዚል ትልቅ እርሻ አንድ ባለቤት አንድ ካርታ ይሠራል፤ በጅማ ዞን ግን ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ማሳ ያላቸው እልፍ ገበሬዎች ናቸው የሚመዘገቡት። ዩኒየኖች፣ ላኪዎችና ድርጅቶች ስልክ ይዘው በየማሳው ይዞራሉ። ከሰማይ የሚያይ ሳተላይት ደግሞ በጥላ ሥር ያለን ቡና ከደን ለመለየት ይቸገራል፤ ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር መሆኑ፣ ማለትም ደኑን መጠበቁ፣ በካርታው ላይ ጥርጣሬ ሊሆንበት ነው።

ዋጋውም ከፍ ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ የኒውዮርክ ዋጋ ለአንድ ፓውንድ ከአራት ዶላር አልፎ ነበር። ኢትዮጵያም በ2017 በጀት ዓመት ከቡና 2.65 ቢሊዮን ዶላር አገኘች። ዋጋ ሲወጣ ጥላ የመቁረጥና ደኑን የመመንጠር ፈተናም ይወጣል፤ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ያየነው ነው። ስለዚህ የሚመለከታችሁ የዩኒየን መሪዎች፣ ላኪዎች፣ የቡናና ሻይ ባለሥልጣንና በጅማ የምትሠሩ ድርጅቶች፦ የካርታውን ወጪ በገበሬው ፈረሱላ ላይ አትጫኑ። የተሰበሰበው የማሳ መረጃ በገበሬዎቹ ማኅበር እጅ ይቀመጥ፤ ነገ ሌላ ገዢ ሲመጣ እንደ አዲስ እንዳይጀመርና አንድ ላኪ ብቻ እንዳይይዘው። የደን ማኅበራቱ ውልም ፕሮጀክት ሲያልቅ አብሮ እንዳያልቅ በየወረዳው ይታደስ።